ቤት የሚወጣ ኤታኖል ወይስ የማደያው? ለመኪናችሁ የቱ ያዋጣል

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛዬ ነው። ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ስማኝማ» አለኝ። «እኛ እኮ አረቄ ስናወጣ የኖርን ሕዝብ ነን። ታዲያ ለምንድነው ቤንዚን የምንገዛው?»

ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይውልና ማታ የነዳጁን ደረሰኝ ይደምራል። ያን ዕለት ደግሞ ጓሮው ውስጥ ኤታኖል፣ ማለትም አረቄ ውስጥ ያለውን አልኮል፣ እያወጣ መኪናውን የሚነዳ አንድ ገበሬ ቪዲዮ ላይ አይቷል። ከከተማ ወጣ ብሎ ሁለት ኤከር መሬት አለው። ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቶ ጨርሷል። የቀረው እኔ «ያዋጣል» እንድለው ብቻ ነው።

እኔን የጠየቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ አረቄ ታወጣ ነበር። ልጅ እያለሁ የማሰሮውን እሳት የምጠብቀው እኔ ነኝ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ እጄ ከመኪና ሞተር ተለይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ተደምሮ የኤታኖል ሊቅ አያደርገኝም። ካልኩሌተር መጫን ግን እችላለሁ። ያን ሌሊት የጀመርነው ሒሳብ ሦስት ወር ፈጀብን። ያገኘነውን እንዲህ አስቀምጬዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ቁጥር

ኤታኖል ቤንዚን አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ይዟል። አንድ ሊትር ኤታኖል 21 ገደማ። ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ መኪና በንጹህ ኤታኖል 20 ማይል ገደማ ብትሄድ ነው። ስለዚህ «አንድ ጋሎን ኤታኖል በዚህ ዋጋ አወጣሁ» የሚላችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ ዋጋውን ለ0.66 አካፍሉት። በቤንዚን ልክ ስንት እንደሆነ ያኔ ነው የሚታየው።

ብራዚላውያን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 «ፕሮአልኮል» የተባለውን ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ ኤታኖል በየማደያው ይሸጣል። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ሁለቱንም የሚጠጡ «ፍሌክስ» መኪኖች ገበያውን ሞልተውታል። ሹፌሩ ማደያ ሲደርስ አንድ ማባዛት ብቻ ይሠራል። ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ ይቀዳል፣ ካለፈ ይተዋል። እኛም በዚሁ ሚዛን እንሂድ።

ኤታኖል ኦክቴኑ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ያለጊዜው ሳይቀጣጠል መታመቅ የመቻሉ ልክ፣ ከፍ ያለ ነው የሚለው ክርክር እውነት ነው። የእሽቅድምድም ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። የጓደኛዬ ቶዮታ ካምሪ ግን ለእሽቅድምድም አልተሠራችም። በኦክቴኑ ብዙም አትጠቀምም።

አረቄና ነዳጅ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ አይደሉም

የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ያው ነው። ስኳር ወይም ብቅል፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ሙቀት። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የአልኮሉ መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ እርሾው በራሱ ሥራ ሰክሮ ይቆማል። የጠላ ጠማቂ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ማውጣቱ ላይ ነው። እናቴ ድፍድፉን ማሰሮ ውስጥ ትጨምራለች፣ በሸምበቆ ታያይዛለች፣ መቀበያውን ውሃ ውስጥ ታስቀምጣለች። የወጣውን እንደገና ስታወጣው ዳግም አረቄ ይሆናል። ጉሮሮ የሚያቃጥለው ዳግም አልኮሉ 45 በመቶ አካባቢ ነው። ከግማሽ በላይ ውሃ ነው ማለት ነው። መኪና ውስጥ ብትጨምሩት ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳን አይስልም።

ለነዳጅ የሚሆነው 95 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ለዚህ በመዳብ ሽቦ የታጨቀ ረጅም ቱቦ ያስፈልጋል። እንፋሎቱ በቱቦው እየወጣ፣ መልሶ ጠብ እያለ፣ እንደገና እየወጣ ውሃውን ከታች ይተዋል። እንደዚያም ሆኖ ጣሪያ አለው። በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ሲደርስ አልኮሉና የቀረው ውሃ አብረው መትነን ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ሰማይ ብታደርሱት ለውጥ የለም። የቀረችውን ውሃ ለማስወጣት ዚዮላይት የተባለውን ውሃ መጣጭ ጠጠር መጠቀም ግድ ነው።

«ትንሽ ውሃ ምን ያመጣል?» ያለኝ ጓደኛዬ ነው። ፈቃዱ ወጥቶለት (ወደ ፈቃዱ እመለሳለሁ) የመጀመሪያውን ዙር ሲያወጣ መለኪያው 90 በመቶ አነበበ። ፊቱ በራ። ከቤቱ ራቅ ብለን ሜዳ ላይ አንድ የመስታወት ማሰሮ አስቀመጥን። ዘጠኝ እጅ ቤንዚን ቀዳን። አንድ እጅ የእሱን ኤታኖል ጨመርንበት። ወዲያው እንደ አጓት ደፈረሰ። ጥቂት ቆይቶ ጠራ፤ ግን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የጠራው። ከላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ከታች ጣት የሚያህል ነጣ ያለ ፈሳሽ። ውሃው አልኮሉን ይዞት ወርዷል። የመኪና ፓምፕ የሚስበው ደግሞ ከታንኩ ሥር ነው።

ሁለታችንም ዝም ብለን ማሰሮውን ስናይ ቆየን።

ብራዚል ውስጥ ውሃ ያለበት ኤታኖል ይሸጣል፣ እውነት ነው። የሚቀዳው ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ለዚያ የተሠራ መኪና ውስጥ ነው። የእናንተ ያንን ካልሆነ ወይ በደንብ ታደርቁታላችሁ፣ ወይ ትተዉታላችሁ።

ከምን ይውጣ?

*ከስኳር።* በጣም ቀላሉ መንገድ ነው። ማብሰል የለ፣ ብቅል የለ። ሰው ሁሉ የሚጀምረውም በዚህ ነው። ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር በወረቀት ላይ 0.68 ሊትር ኤታኖል ይሰጣል። እጃችን ላይ ከዚያ ያነሰ ነው የሚወጣው። ለአንድ ጋሎን 14 ፓውንድ ስኳር ያዙ። ስኳሩ በጅምላ ፓውንዱ 60 ሳንቲም ነው እንበል። 8 ዶላር ከ40 ሆነ። ኤሌክትሪክና እርሾ ሲጨመር 10 ዶላር ይሞላል። ለ0.66 ስናካፍለው 15 ዶላር። ማደያው ላይ ያለውን ቤንዚን 3 ዶላር ከ20 ብለን ብንይዝ፣ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የእናንተ ሰፈር ዋጋ ይለያይ ይሆናል። ስኳር በነጻ ካልታደለ በቀር ይህን ክፍተት የሚዘጋ ዋጋ ግን አይገኝም።

ይህን ሕልም ያለምነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2008 ነዳጅ ሰማይ በነካበት ዓመት ኢ-ፊውል የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ማይክሮፊውለር» የሚባል የቤት ማሽን አስተዋውቆ ነበር። የማደያ ፓምፕ ይመስላል። ስኳርና እርሾ ትጨምሩበታላችሁ፣ ኤታኖል ትቀዳላችሁ። ዋጋው 9,995 ዶላር። ጋዜጦች ሁሉ ጻፉለት። እኔ ግን እስከ ዛሬ በማንም ጓሮ አንድም ቆሞ አላየሁም።

*ከበቆሎ።* የአሜሪካ ኤታኖል በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ነው። በቆሎ ውስጥ ያለው ስታርች ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ስለዚህ ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎ፣ በኢንዛይም ወይም በብቅል ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ብቅል በደንብ ይሠራል። ጊዜ ግን ይበላል። ድፍድፉ ታች ይዞ ከጨሰ ደግሞ በርሜሉን ለመፋቅ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ፋብሪካ ከአንድ ቡሼል በቆሎ፣ ማለትም ከ56 ፓውንድ፣ 2.8 ጋሎን ገደማ ያወጣል። ቤት ውስጥ ሁለት ከሩብ ካወጣችሁ ጎበዝ ናችሁ። ገበሬ ሆናችሁ ቡሼሉን በ4 ዶላር ከ50 ብታስቡት ለአንድ ጋሎን 2 ዶላር የበቆሎ ነው። ኢንዛይም፣ እርሾና ኤሌክትሪክ ሲታከል ከ4 ዶላር ያልፋል። በቤንዚን ልክ ሲመዘን 6 ዶላር ከምናምን ነው። ከእንስሳት መኖ መደብር 50 ፓውንዱን ጆንያ በ12 ዶላር ብትገዙት ደግሞ ወደ ስኳሩ ዋጋ ተመለሳችሁ።

ፋብሪካው ታዲያ እንዴት አዋጣው ትሉ ይሆናል። ሙቀቱን ደጋግሞ ይጠቀምበታል። የቀረውን አተላ አድርቆ ለከብት መኖ ይሸጣል። አተላው ለእሱ ገቢ ነው። ለጓደኛዬ ግን ጎረቤት የሚያስነጥስ ችግር ነው።

*ከሚጣል ነገር።* ጓደኛዬ ስኳሩ እንደማያዋጣ ሲገባው ወደዚህ ዞረ። ጊዜው ያለፈበት ለስላሳ፣ ያደረ ዶናት፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይኸው ነው። ብዛቱን ግን አስቡት። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ። ከዚያ የሚወጣው ኤታኖል 23 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለአንድ ጋሎን ከ160 ጣሳ በላይ ከፍታችሁ ማፍሰስ ሊኖርባችሁ ነው። አንዳንዱ ለስላሳ ደግሞ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር አለ፤ እርሾውን ያዳክመዋል። ፖም ብትሉ ስኳሩ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ከ100 ኪሎ ፖም 5 ወይም 6 ሊትር ይገኛል። ዳቦና ዶናት ይሻላሉ። ዳቦው ግን እንደ በቆሎው ኢንዛይም ይፈልጋል፤ የዶናቱ ዘይት ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል።

እሺ፣ ጥሬ ዕቃው በነጻ ተገኘ እንበል። ኤሌክትሪክና እርሾ ብቻ ሲታሰብ አንድ ጋሎን 1 ዶላር ከ60 ይፈጃል። በቤንዚን ልክ 2 ዶላር ከ40 ነው። ከ3 ዶላር ከ20 ጋር ሲተያይ 80 ሳንቲም አተረፍን። ጓደኛዬ በአንድ ዙር 5 ጋሎን ነው የሚያወጣው። የ3.3 ጋሎን ቤንዚን ምትክ ማለት ነው። ትርፉ 2 ዶላር ከ60 ሆነ። ዳቦ ለመሰብሰብ የነዳውን አልቆጠርኩበትም።

ቆጣሪው የነገረን

ሐሳቤን የለወጠው ይህ ክፍል ነው።

ለአንድ ጋሎን ኤታኖል 10 ጋሎን ድፍድፍ ማፍላት አለባችሁ። ዘጠኙ ውሃ ነው። የምትከፍሉት በአብዛኛው ያንን ውሃ ለማሞቅ ነው። በላዩ ላይ፣ በቱቦው ውስጥ እየወጣ የሚመለሰው እንፋሎት ደጋግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ከጓደኛዬ ማሞቂያ ጋር ቆጣሪ ገጠምን። አንድ ዙር ሲያልቅ አነበብን፣ ለአምስት አካፈልን። ለአንድ ጋሎን 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በልቷል።

የሒሳብ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ እንደዘረጋን ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች። የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዳው እሷ ናት። ወረቀቱን አየት አደረገችና «በዘጠኝ ኪሎዋት እኔ 30 ማይል እሄዳለሁ» አለች። ሻዩን አስቀምጣ ሄደች።

ልብ በሉ። አንድ ጋሎን ኤታኖል ካምሪዋን የሚወስዳት 20 ማይል ነው። ኤታኖሉን ለማንጠር ብቻ የጠፋው ኤሌክትሪክ ቀጥታ ባትሪ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የሚስቱ መኪና ከዚያ በላይ ትሄዳለች። ስኳሩን ተዉት፣ ድካሙን ተዉት። ከግድግዳው ሶኬት የወጣው መብራት ብቻውን ከኤታኖሉ ይበልጣል።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ ማንጠር፣ መኪናው ማንም ይሁን ማን፣ በእኔ ሚዛን ከጨዋታ ውጪ ነው። በፕሮፔን ጋዝ ማፍላቱም ዋጋው ብዙ አይሻልም። ክፍት እሳት ስላለው ደግሞ ይባስ ያስፈራል። የሚቀረው እንጨት ነው። የራሱ ጫካ ያለው፣ ወድቆ የሚበሰብስ ግንድ ያለው ሰው ሙቀቱን በነጻ ያገኛል። ያኔ በሚጣል ጥሬ ዕቃ የሚሠራው ዙር ትርፉ ከ2 ዶላር ከ60 ወደ 9 ዶላር ገደማ ያድጋል። የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው፣ ፍልጡን ሳይጨምር።

መኪናችሁስ ይችለዋል?

አሜሪካ ማደያ ላይ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ይህን ማንኛውም መኪና ይጠጣል። ከ2001 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች እስከ 15 በመቶ እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ከዚያ በላይ ለመሄድ መኪናው ፍሌክስ መሆን አለበት። የነዳጅ ክዳኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከኋላ ምልክቱ ካለ ፍሌክስ ነው። ካልተማመናችሁ የመኪናውን መመሪያ ደብተር አንብቡ።

ፍሌክስ ያልሆነ መኪና ላይ ምን ይሆናል? ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 እጥፍ አየር ይፈልጋል። ኤታኖል 9 እጥፍ። ስለዚህ ለዚያው አየር ብዙ ነዳጅ መርጨት አለበት። ኮምፒውተሩ እስከ ተወሰነ ድረስ ያካክሳል። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም ይልና የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል። የቆዩ ጎማ ቱቦዎችና ማሸጊያዎች ያብጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ላይ የነዳጅ ቀዳዳውን ማስፋት ይጠይቃል።

ብርድም አለ። ንጹህ ኤታኖል 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በታች ሲሆን የሚቀጣጠል በቂ ተን አይሰጥም። ጥር ላይ ሚኒሶታ ውስጥ ማለዳ ቁልፍ ብትጠመዝዙ ሞተሩ ዝም ነው የሚላችሁ። ማደያዎቹም በክረምት የኤታኖሉን መጠን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ፈቃድና እሳት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ አልኮል ማንጠር የፌዴራል ወንጀል ነው። እስከ 5 ዓመት እስርና 10,000 ዶላር ቅጣት አለው። «ለመኪና ነው» ማለት አያድንም። ደስ የሚለው፣ ለነዳጅ የሚሆን ፈቃድ አለ፣ ክፍያም የለውም። የሚሰጠው ቲቲቢ በሚል አጠራር የሚታወቀው የፌዴራሉ የአልኮልና ትምባሆ ታክስና ንግድ ቢሮ ነው። ቅጹ ቁጥር 5110.74 ይባላል። አነስተኛ የሚባለው ማውጫ በዓመት እስከ 10,000 ፕሩፍ ጋሎን ነው። በንጹህ ኤታኖል 5,000 ጋሎን ማለት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ። ከግቢ የሚወጣው ኤታኖል እንዳይጠጣ መደረግ አለበት። ለ100 ጋሎን ቢያንስ 2 ጋሎን ቤንዚን ወይም ኬሮሲን ይጨመርበታል። የየግዛቱ ሕግ ለብቻው ነው፤ ጠይቁ። የቤት ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ። ጓደኛዬን ያስደነገጠው የኢንሹራንሱ መልስ ነው።

ስለ እሳቱም ልበል። የኤታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። እጃችሁ ሲቃጠል ነው የምታውቁት። ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ መጥመቅ አይታሰብም። የሚፈላው በርሜል የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሰው ያፍናል። የነዳጅ ማንጠሪያ ያወጣውን መቅመስም አይታሰብም፤ በርሜሉ፣ ብየዳውና ቱቦው ለሰው ሆድ ተብለው አልተሠሩም።

ማደያው ራሱ ኤታኖል ከሸጠላችሁ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፍሌክስ መኪና ካላችሁ ኢ85 የሚባለውን መቅዳት ትችላላችሁ። ስሙ 85 ይበል እንጂ የኤታኖሉ መጠን እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ይለዋወጣል። የሚቀንሰው ርቀት ከ15 እስከ 27 በመቶ ነው። እኔ በክፉው ነው የማሰላው። የቤንዚኑን ዋጋ በ0.73 አባዙት። 3 ዶላር ከ20 ከሆነ 2 ዶላር ከ34 ይመጣል። ኢ85ቱ ከዚያ በታች ከሆነ ቅዱ።

ሚኒሶታ ያላችሁ የእኛ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ በበቆሎው አገር ኢ85 በየቦታው አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ግን ፍለጋ ላይ ነን። 12 ማይል ነድቶ ርካሽ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው አውቃለሁ። መመለሻውን አይቆጥረውም።

ቤት ከማውጣትና ከማደያ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጥያቄም አይደለም። ያው በቆሎ ነው፣ ያው ኤታኖል ነው። ፋብሪካው ከእኔ በተሻለ ያደርቀዋል፣ አተላውንም ራሱ ይወስዳል።

አገር ቤት ላላችሁ

አንዳንዶቻችሁ ከአዲስ አበባ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ሥራ የሚሠራ ኤታኖል ለማውጣት 2 ኪሎ ተኩል ስኳር ይፈልጋል። የሰፈራችሁን ሱቅ ዋጋና የማደያውን ዋጋ አስተያዩ። ከሱቁ በር ሳትወጡ መልሱን ታገኙታላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤታኖል ትርጉም ያገኘው በስኳር ሳይሆን በሞላሰስ ነው። ሞላሰስ ስኳሩ ተመርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ነው። ከአንድ ቶን 250 ሊትር ገደማ ይወጣል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ። በ2011 ወደ 10 በመቶ አደገ። መተሐራም የራሱን ማውጫ ተከለ። ለቤት ሥራ ግን ሞላሰስ በቶን ካልመጣ፣ ጥሬ ዕቃውም ደጃፍ ካልሆነ ማጓጓዣው ይበላዋል።

አንድ ሰው «የነገሌ ካቲካላ አለ አይደል?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አርሲ ነገሌ የካቲካላ አገር መሆኗ እውነት ነው። ያን ያህል እንጨት እየነደደ የሚወጣው መጠጥ ግን ለመጠጥነቱ ነው ዋጋ የሚያወጣው። አንድ ሊትሩን የሚጠጣው ሰው ከመኪናው የበለጠ ይከፍላል። መኪና ውስጥ ማፍሰስ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአዲስ መኪና ገዢ ምርጫ ወደ ሶኬቱ ዞሯል። የጓደኛዬ ሚስት ሒሳብ እዚያም ይሠራል።

ታዲያ ማን ይሞክረው?

የሚያዋጣው ሰው ካለ ይህን ይመስላል። እርሻ አለው። የሚበላሽ እህል ወይም ፍራፍሬ አለው። አተላውን የሚበሉ ከብቶች ወይም አሳማዎች አሉት። የወደቀ እንጨት አለው። በብርዱ ወራት ሥራ የለውም። አሮጌ ትራክተር ወይም ጄኔሬተር አለው፣ ቢበላሽ የማይቆጨው። ለዚህ ሰው ኤታኖል ያዋጣዋል። አተላው መኖ መግዛት ያስቀርለታል፤ እንዲያውም ትርፉ በዚያ በኩል ሳይበልጥ አይቀርም።

በትርፍ ጊዜው መሥራት የሚወድ፣ መዳብ መበየድ የሚያስደስተውም ይሞክር። ፈቃዱን ያውጣና ኤታኖሉን ያቃጥለው። ዓሣ አጥማጅ በኪሎ ስንት ወጣብህ ተብሎ አይጠየቅም።

በኡበር ወይም በታክሲ የሚሠራ፣ ሰዓቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ግን አይንካው። አንዱን ዙር ለመጠበቅ ዘጠኝ ሰዓት ማሞቂያው አጠገብ ይቆማል፤ ትቶት መሄድ አይችልምና። በዘጠኝ ሰዓት ነድቶ የሚያገኘውን እሱ ያውቃል። ጎማውን በትክክለኛው አየር መሙላት፣ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ መቀየር፣ መንገደኛ ሲጠብቅ ሞተር ማጥፋት ያለ ፈቃድ፣ ያለ እሳት ተመሳሳይ ብር ያስቀራል። ቀጣዩን መኪና ሲገዛ ደግሞ ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ ይመልከት።

ጓደኛዬ ማንጠሪያውን ለአንድ የፔንሲልቬኒያ ገበሬ ሸጠው። መዳቡ ጥሩ ዋጋ አወጣ። የሸጠው ግን ከገዛበት በ140 ዶላር አንሶ ነው። ሁለቱ ሰማያዊ በርሜሎች ቀሩ። «እነዚህንስ ምን ላድርጋቸው?» አለኝ። ገልብጬ ሥራቸውን አየሁ፤ የምግብ ምልክት አለባቸው፣ ቤንዚንም አልነካቸውም። ጠላ በፌዴራል ሕግ እንደ ቢራ ነው የሚቆጠረው። ለራስ የሚጠመቅ ከሆነ ለአንድ አዋቂ በዓመት እስከ 100 ጋሎን ይፈቀዳል። ጌሾውን ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ገዛን። ለእንቁጣጣሽ ደርሷል።